ከኮቺ ለኮቼ፦ 5 ለ 2 እየመራሁ ለምንድነው ምሸነፈው?

ሰላም የአምዳችን ቤተሰቦች፣ ጅማ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? የኛ ሜዳ ከሰኞ ጀምሮ ኩሬ ሆኗል፣ ልምምድ ስለሌለ እኔም ቁጭ ብዬ ደብዳቤያችሁን ሳነብ ነው የሰነበትኩት። ባለፈው እትም ስለ ሜዳ ቴኒስ ጭንቅላት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ እኔ ሁለት ሶስት ሰው ቢጽፍ ነው ስል ለካ ስንቱ ነው በሆዱ ይዞት ሚዞረው። ሁሉንም መመለስ አልቻልኩም፣ መጀመሪያ የመጣው ላይ ትንሽ በዛ አድርጌ ጽፌያለሁ፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ኮቼ ሰላም ነው? 19 አመቴ ነው፣ ድሮ ኳስ አቀባይ ነበርኩ ከዛ በሰው ራኬት ጀምሬ አሁን ለውድድር ደርሻለሁ። ልምምድ ላይ ማንም አይችለኝም፣ ውድድር ላይ ግን ስመራ ነው ምሸነፈው። ባለፈው ሶስተኛው ሴት ላይ 5 ለ 2 እየመራሁ በራሴ ሰርቪስ 40 ለ 15 ደርሼ፣ ማለትም ጌሙን ለመውሰድ አንድ ነጥብ ቀርቶኝ፣ ሁለት ዳብል ፎልት (ሁለቱም የሰርቪስ ሙከራ ተበላሽቶ ነጥቡ ሲሄድ) ተከታትሎ መጣ፣ ከዛ በኋላ እጄ እንጨት ሆነ፣ ጌሙም ሄደ ሴቱም ሄደ። ጓደኞቼ ወኔ የለህም ይሉኛል፣ እናቴ ደሞ ዓይን ነው ብላ ጸበል ካልሄድክ እያለች ነው። ይሄ ነገር በስልጠና ይስተካከላል ወይስ ተፈጥሮ ነው? (ዳብል ፎልቱ ነኝ ከኮቺ)

መልስ፦ ወንድሜ ዳብል ፎልቱ፣ ጸበሉን ለእናትህ ስትል ሂድ፣ አይጎዳህም። ወኔ የለህም ያሉህን ጓደኞችህን ግን ተዋቸው፣ ወኔ የሌለው ሰው በተዋሰው ራኬት እዚህ አይደርስም። (ሴት ስንል የጨዋታውን ዙር ነው ደሞ፣ ከብዙ ጌም ሚሰራውን፣ ባለፈው አንዷ አንባቢ ጽሁፌን አይታ "ሶስተኛዋ ሴት ማን ናት?" ብላ ጽፋልኛለች።)

አንተ ላይ የደረሰው የዓለም ሻምፒዮን ላይም ደርሷል። በፈረንጆች 1993 ዊምብልደን (ለንደን ሚካሄደው ትልቁ የቴኒስ ውድድር) ፍጻሜ ላይ የቼኳ ያና ኖቮትና ከጀርመኗ ሽቴፊ ግራፍ ጋር ስትጫወት ሶስተኛው ሴት ላይ 4 ለ 1 እየመራች ነበር፣ በራሷ ሰርቪስ 40 ለ 30፣ አንድ ነጥብ ብታገኝ 5 ለ 1 ነው። ምን አደረገች? ዳብል ፎልት። ከዛ በኋላ አንድም ጌም ሳታሸንፍ 6 ለ 4 አለቀ፣ ሽልማት ላይ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ቤተሰብ የሆኑት የኬንት ዱቼስ ትከሻ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ዓለም በሙሉ አያት። በ1997 እንደገና ፍጻሜ ደረሰች እንደገና ተሸነፈች። በ1998 ግን ያንኑ ዋንጫ እዛው ሜዳ ላይ አነሳች። ስለዚህ ተፈጥሮ ነው ወይ ላልከኝ፣ ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ አምስት አመት ቆይቶ አይለወጥም ነበር።

አሁን እጅህ ለምን እንጨት እንደሆነ እንይ። ቤት ውስጥ እህትህ ቡና ስትቀዳ አይተሃል አይደል፣ እያወራች እየሳቀች ጀበናውን ከላይ ታንቆረቁረዋለች አንዲት ጠብታ ውጪ አትሄድም። የእጮኛዋ ቤተሰብ የመጣ ቀን ግን ያቺው ልጅ በያው ጀበና ረከቦቱን ታጥበዋለች። መቅዳት ጠፍቷት አይደለም፣ ሁሌ እጇ ብቻውን ሚሰራውን ስራ የዛን ቀን በጭንቅላቷ ልትሰራው ስለሞከረች ነው። ሰርቪስም እንደዛ ነው። አስር ሺ ጊዜ የመታኸውን ነገር 40 ለ 15 ላይ "ክርኔን ከፍ፣ ጉልበቴን አጠፍ፣ ኳሷን ቀጥ አድርጌ" ብለህ ማዘዝ ስትጀምር እጅህ ይደናበራል። እዛ ላይ ደሞ ፍርሃቱ ሲጨመር ትንፋሽህ ያጥራል፣ ራኬቱን አንቀህ ትይዘዋለህ፣ የክንድህ ጡንቻ ይገተራል፣ በቃ እንጨት። በተለይ ሰከንድ ሰርቪስ (የመጀመሪያው ሲበላሽ ሚመታው) ላይ ሰው "ብቻ ትግባልኝ" ብሎ ክንዱን ያዘገያል፣ ኔት ላይ ሚጥለው ደሞ እሱ ማዘግየቱ ነው፣ ክንድህ ሲዘገይ ኳሷ አትሽከረከርም፣ ካልተሽከረከረች ደሞ ከኔት በላይ ሄዳ ሜዳ ውስጥ ሚያወርዳት ነገር የለም።

እንዴት ይሰለጠናል ታዲያ? አንድ ነገር አስብልኝ። የሁለት ሰዓት ጨዋታ ስትጫወት ኳስ እየተመታ ያለበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሲሶው አይበልጥም። የቀረው ኳስ መልቀም፣ ፎጣ፣ መራመድ፣ መቀመጥ ነው። በሕጉ ከአንድ ነጥብ እስከሚቀጥለው 25 ሰከንድ አለህ፣ ቦታ ስትቀያየሩ 90 ሰከንድ፣ ሴት ሲያልቅ 120 ሰከንድ። ኳስ እየመጣ እያለ ማንም አይጨነቅም፣ ጊዜ የለማ። ጭንቀት ሚመጣው በነዚህ 25 ሰከንዶች ውስጥ ነው፣ እኛ ደሞ ፎርሃንድ ለሶስት ሰዓት ስንለማመድ እነዚህን ሰከንዶች አንድ ቀን እንኳን ተለማምደናቸው አናውቅም።

ጂም ሎየር ሚባል አሜሪካዊ የስፖርት ሳይኮሎጂስት አለ፣ ታላላቅ ተጫዋቾችን ከሌላው ምን ይለያቸዋል ብሎ ሲያጠና ልዩነቱን ያገኘው በነጥብ መሃል ባለው ጊዜ ነው። ጎበዞቹ በዛች አጭር ጊዜ የልብ ምታቸው ወረድ ይላል፣ ሌላው ግን እንደተንቀለቀለ ወደሚቀጥለው ነጥብ ይገባል። እሱ ያወጣውን አካሄድ እኔ ለልጆቼ በኛ አቅም እንዲህ አድርጌ ነው ምነግራቸው፦ ነጥቡ እንዳለቀ፣ አሸነፍክም ተሸነፍክም፣ ራኬትህን ወደማትመታበት እጅህ አዛውርና ለኔቱ ጀርባህን ስጥ፣ አንገትህን አትድፋ። ከዛ ወደ ኋላ እየሄድክ የራኬትህን ክሮች እያየህ ተንፍስ፣ በአራት ቆጠራ አስገባ በስድስት አስወጣ፣ ሚያረጋጋህ ማስወጣቱ ነው ስለዚህ እሱ ይርዘም። ከዛ ዞር በልና አንድ ነገር ብቻ ወስን፣ ሰርቪሱን የት ነው ምመታው፣ በቃ ሌላ ሃሳብ የለም። መስመሩ ጋር ስትደርስ ኳሷን ሁሌ እኩል ቁጥር አንጥር፣ አራት ካልክ ሁሌ አራት። ናዳል የውሃ ጠርሙሶቹን በመስመር ደርድሮ ጽሁፋቸውን ወደ ሜዳው ሲያዞር ሰው ይስቅበታል፣ እሱ ግን ጭንቅላቱን ስራ እያስያዘው ነው።

አንተ 40 ለ 15 ላይ የመጀመሪያውን ዳብል ፎልት ከመታህ በኋላ ስንት ሰከንድ ቆይተህ ነው ቀጣዩን ሰርቪስ የመታኸው? ልወራረድ፣ አስር አይሞላም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው እኮ። ሰው ሲጨንቀው ቶሎ ገላግለኝ ይላል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጨዋታ አንድ ጓደኛህ በስልክ ይቅረጽህ (ወኔ የለህም ካሉህ አንዱን ምረጥ፣ ይካስ) ቤት ሂድና በነጥብ መሃል ያለውን ሰከንድ ቁጠር። ስትመራና ሳትመራ ቁጥሩ ሲለያይ በአይንህ ታየዋለህ፣ እኔ ከምነግርህ ያ ይበልጥብሃል።

ልምምድ ላይ ደሞ ከ0 ለ 0 አትጀምር። ከ5 ለ 2፣ 40 ለ 15 ጀምር፣ በየቀኑ፣ የተሸነፈ ለሁሉም ማኪያቶ ይጋብዛል በሉ፣ አንዳንዴ ደሞ ሰከንድ ሰርቪስ የለም በሉ። ማኪያቶ ምንድነው ትለኝ ይሆናል፣ ኪስህ ውስጥ የመጨረሻው መቶ ብር ሲሆን ታየዋለህ ልብህ ከበሮ ሲመታ። ያ ከበሮ ሜዳ ላይ መጀመሪያ ሚሰማህ ቀን ፍጻሜ መሆን የለበትም፣ ቀድመህ ተዋወቀው።

አንድ ቁጥር ደሞ ልስጥህ ግድግዳህ ላይ ለጥፈው። ፌደረር በነጠላ 1526 ጨዋታ ተጫውቶ 80 ፐርሰንት ገደማ አሸንፏል፣ ከነጥቦቹ ግን ያሸነፈው 54 ፐርሰንቱን ብቻ ነው፣ ይሄን በ2024 ለተመራቂዎች ባደረገው ንግግር ራሱ ነው የተናገረው። ግማሽ በለው ያው። ፌደረር ከሁለት ነጥብ አንዱን እየጣለ ፌደረር ከሆነ አንተ በአንድ ዳብል ፎልት ምን አስለቀሰህ? እሱም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም ታዲያ፣ 2019 ዊምብልደን ፍጻሜ ላይ አምስተኛው ሴት 8 ለ 7 በራሱ ሰርቪስ 40 ለ 15 እየመራ ሁለት የዋንጫ ነጥብ አምልጦት በጆኮቪች ተሸንፏል። 40 ለ 15 አልኩህ፣ ያንተው ቁጥር።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ13 ዓመት ልጄ ጎበዝ ተጫዋች ነች፣ ስትሸነፍ ግን ታለቅሳለች እራትም አትበላም። እኔ አጥሩ ስር ቆሜ እግርሽን፣ ቶሎ ቶሎ፣ አትፍሪ እያልኩ እመክራታለሁ ግን ሰሞኑን እኔን ስታይ የበለጠ ትሳሳታለች። እንዴት ላጠንክራት? (አባት፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ጥያቄዎ ውስጥ መልሱ አለ፣ "እኔን ስታይ የበለጠ ትሳሳታለች" ብለዋል። ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጅትዋ ከሁለት ሰው ጋር ነው ምትጫወተው፣ ማዶ ካለችው ልጅና ከአጥሩ ስር ካሉት ከእርስዎ ጋር። ከፈረንጆች 2025 ወዲህ የዓለም አቀፉ ሕግ ከሜዳ ውጪ ምክር መስጠት ይፈቅዳል፣ ውድድሩ ከፈቀደ ማለት ነው፣ ግን አጭርና ማንንም ማይረብሽ መሆን አለበት ይላል። "አትፍሪ" ደሞ ምክር አይደለም፣ ፍርሃቱን ማስታወስ ነው፣ ልጄ ቡናው ትኩስ ነው አትድፊው ሲሏት ምን እንደሚሆን ያውቁታል።

ትልቁ ስራ ያለው ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ ነው። ብዙ አባቶች ጨዋታውን እዛች ባጃጅ ውስጥ እንደገና ያጫውቱታል፣ ያቺ ኳስ፣ ያቺ ሰርቪስ፣ ልጅትዋ ደሞ መሮጫ የላትም። ዝም ይበሉ። ዳቦ ይግዙላት። ራሷ ካነሳችው ያዳምጡ፣ ካላነሳች ነገ "ስለትናንቱ እናውራ ወይስ ይቅር?" ብለው ይጠይቋት፣ ይቅር ካለች ይቅር። ማልቀሷን አይቆጧት፣ 13 አመቷ ነው፣ ማታለቅስ ብትሆን ነበር እኔ ምጨነቀው። እራት ሳትበላ መተኛቱ ግን ከሳምንት ሳምንት ከቀጠለ፣ ወይ ሜዳ መሄዱን ራሱ ከጠላችው፣ ለአንድ ወር ውድድር ያሳርፏት። ቴኒስ የትም አይሄድም።

ጥያቄ፦ ኮቼ ሳልደብቅ ልንገርህ፣ ከጨዋታ በፊት ትንሽ ጫት ስይዝ ኮንሰንትሬሽኔ ይጨምራል፣ ኳሷ ትልቅ ሆና ትታየኛለች። ያለሱ ፈዛዛ ነኝ። ችግር አለው? (ከመርካቶ ሰፈር)

መልስ፦ ስላልደበቅክ አመሰግናለሁ፣ የጅማ ልጅ ሆኜ ይሄን ጥያቄ አላውቀውም ብል ውሸታም ነኝ። አዎ ችግር አለው። ጫት ውስጥ ካቲኖንና ካቲን ሚባሉ አነቃቂዎች አሉ፣ ሁለቱም የዓለም ጸረ ዶፒንግ ኤጀንሲ በውድድር ወቅት ከሚከለክላቸው ውስጥ ናቸው፣ ካቲን ሽንትህ ውስጥ በአንድ ሚሊሊትር ከ5 ማይክሮግራም ካለፈ ተይዘሃል። የውድድር ወቅት ሚባለው ደሞ ከዋዜማው ሌሊት 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ይጀምራል፣ ስለዚህ የዋዜማው በርጫም አያዋጣህም፣ ከሰውነት እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል።

ዶፒንጉን እንተወውና፣ ምርቃና ላይ ኮንሰንትሬሽን ሳይሆን እርግጠኝነት ነው ሚጨምርልህ። ሁሉም ኳስ ሚገባ ይመስልሃል፣ መስመር ላይ ካልመታሁ ትላለህ። ልብህ ሳትሮጥ በፊት ነው መሮጥ ሚጀምረው፣ አፍህ ይደርቃል፣ ላይ ለዳብል ፎልቱ የነገርኩት የልብ ምት ማውረድ ላንተ አይሰራልህም ምክንያቱም ከላይ ሚገፋው ነገር አለ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ በማግስቱ ሁለተኛ ጨዋታ ካለህ ዱካክ ነው። ያለሱ ፈዛዛ ነኝ ያልከው ደሞ ሀራራው ነው እንጂ አንተ አይደለህም፣ ጥቂት ሳምንት ስጠው። ንቃት ከፈለክ የሀገርህ ቡና አለልህ፣ ካፌይን ከፈረንጆች 2004 ጀምሮ ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል፣ ከጨዋታው አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ አንድ ሲኒ፣ ሶስተኛውን ግን ከጨዋታ በኋላ።

ጥያቄ፦ ጅማ ላይ ደህና እጫወታለሁ፣ አዲስ አበባ ለውድድር ስሄድ ግን ኳሶቼ በሙሉ ከመስመር ውጪ ይሄዳሉ። ትልቅ ከተማ ሲያይ ይፈራል ይሉኛል፣ እኔም ማመን ጀምሬያለሁ። (ከሄርማታ)

መልስ፦ በፍጹም እንዳታምን! ጅማ ከባህር ወለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ነች፣ አዲስ አበባ 2,350 ገደማ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ አየሩ ሲሳሳ ኳሷን ሚይዛት ነገር ያንሳል፣ ስለዚህ ጅማ ላይ መስመር ውስጥ ምትወድቀው ኳስ አዲስ አበባ አልፋ ትሄዳለች፣ ነጥራ ምትነሳውም ከፍ ብላ ነው። ይሄ የፊዚክስ ጉዳይ ነው፣ ያንተ ልብ ምንም አላጠፋም። ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ ለብቻው የተሰራ ኳስ ራሱ አለ በሕጉ፣ ቆርቆሮው ላይ ስለ ከፍታ የተጻፈ ካለ እየው፣ አብዛኛው ሱቅ ውስጥ ያለው ግን ተራው ነው። ከቻልክ ክርህን አንድ ኪሎ ያህል አጥብቀህ አስወጥር፣ ኳሷን በደንብ አሽከርክራት፣ ዋናው ግን 350 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ላይ ተንገላተህ በዛው ቀን ሜዳ አትግባ፣ አንድ ሁለት ቀን ቀደም በል። እኔን ሚያናድደኝ ሰው የኳስና የአየርን ጣጣ ወስዶ "ፈሪ" ብሎ ልጅ ላይ ሲለጥፈው ነው። ልጁ ሲያምነው ደሞ ያኔ እውነትም የጭንቅላት ችግር ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዳኛ በሌለበት ጨዋታ ተጋጣሚዬ መስመር ላይ የወደቀ ኳስ አውት እያለ ይሰርቀኛል። ያበሳጨኛል ከዛ ሙሉ ጌም ይሄዳል። (ከጂረን)

መልስ፦ ሕጉ ግልጽ ነው፣ እያንዳንዱ በራሱ በኩል ያለውን መስመር ያያል፣ ከተጠራጠረ ነጥቡ የተጋጣሚው ነው። አንዴ ረጋ ብለህ "እርግጠኛ ነህ?" በለው፣ አትሳደብ። ከደገመ የውድድሩን ሪፈሪ ጥራና ቆሞ እንዲያይ ጠይቅ፣ መብትህ ነው። እስከዛ ግን የሰረቀህ አንዲት ነጥብ ነው፣ የቀሩትን ሶስቱን በንዴት የሰጠኸው አንተ ነህ። ጀርባህን ለኔቱ፣ ክሮችህን እይ፣ ላይ የጻፍኩትን አንብበው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፣ ጭንቀቴ ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም፣ ሌሊት ልቤ እየመታ እነቃለሁ፣ ክላስም ላይ። ትንፋሹን ሞክሬዋለሁ። (ከኪቶ)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ከኔ አምድ በላይ ነው፣ ደሞ ሚያሳፍር ነገር የለውም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ። የፖላንዷ ተጫዋች ኢጋ ሽፊዮንቴክ ዳሪያ አብራሞቪች ሚባሉ ሳይኮሎጂስት አብረዋት ለዓመታት ውድድር ለውድድር ዞራለች፣ የጃፓኗ ናኦሚ ኦሳካ በፈረንጆች 2021 ለአእምሮ ጤናዋ ብላ ከሮላን ጋሮስ (ከፈረንሳዩ ትልቅ ውድድር) ወጥታለች። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ጓደኛሽን ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ ራኬት ብሰብር ይወጣልኛል? (ስሜን አልናገርም)

መልስ፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ስትደግም አንድ ነጥብ፣ ስትሰልስ አንድ ጌም ይወሰድብሃል። ቲቪ ላይ ሚሰብሩት ከቦርሳቸው ሌላ ስድስት ስላላቸው ነው፣ እኛ ጋ ደሞ ያቺ ራኬት ከሰዓት በኋላ ሌላ ልጅ ይጠብቃታል። ካልወጣልህ ቦታ ስትቀያየሩ ፎጣህን ፊትህ ላይ ጣልና አፍነህ ጩህበት፣ 90 ሰከንድ አለህ፣ ለዛ ደሞ ማንም አይቀጣህም።